መምህር ይመር «አላውቀውም» ያሉት አበባ

በከሚሴ ለረጅም ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማሩን መምህር ይመር ባለፈው ሐሙስ ወደ አኼራ ሄደዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ጎረቤታቸውና ተማሪያቸው ዘሀራ ነኝ፤ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት «ደግ ሰው ነበሩ፤ ያቺን ልጅ ግን በተሳሳተ ሥር ሊገድሏት ነበር» ስትል ሰማሁ። ያቺ ልጅ የኔ ልጅ ፈትያ ናት።

አምና ከሰንበቴ ገበያ ከገዛሁት ችግኝ ጋር አንድ የማላውቀው ተክል ጓሮዬ ውስጥ በቀለ። ነጭ አበባ አወጣ፤ አበባው ሲረግፍ ረሳሁት። በበጋው ፈትያን ሳል ያዛት። አጠገቡ የተከልኩትን ዝንጅብል የቆፈርኩ መስሎኝ የእሱን ሥር አፈላሁላት። ቸኩዬ ስለነበር አላሸተትኩትም እንኳን። ጥቂት ቆይታ ሆዷን ይዛ ታስመልስ ጀመር፤ ከንፈሯ ነጣ። የቀረውን ሥር ይዤ ወደ መምህር ቤት ሮጥኩ።

ሰብረው አሸተቱት። «ዝንጅብል አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቀውም።»

«እርስዎ ካላወቁት ማን ሊያውቀው ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ስም ከሰጠሁት ሐኪሙ ያምነኛል። በግምት አልሰይመውም» አሉኝ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። እሳቸውም መፍራታቸው ገባኝ።

ጓሮዬ መጥተው ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው በጋዜጣ ጠቀለሉት። ባጃጅ ውስጥ እኔ ፈትያን አቅፌ፣ እሳቸው የጠወለገውን ቅጠልና የደረቀውን የፍሬ ቋት እያገላበጡ ሄድን። «አይዞሽ፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» ይሉኛል፤ ዓይናቸውን ግን ከተክሉ አያነሱም። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሙን «አይሪስ የሚሉት አበባ ነው፤ ቅጠሉም፣ ሦስት ክፍል ያለው ቋቱም ያስታውቃል። ሥሩ ሆድ ይጎዳል። የትኛው አይሪስ እንደሆነ ግን አላውቅም» አሉት። ፈትያ አስር ሰዓት ያህል ቆይታ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች።

ባለቤቴ ደርሶ «ማነው ይሄን ያጠጣት?» ሲል አንገቴን ደፋሁ። መምህር ቀደም ብለው «ጥፋቱ የኔ ነው። ሲያብብ በአጥር በሩቁ አይቼው አልለየሁትም ነበር፤ መምህር ሆኜ አላውቀውም ማለት አሳፍሮኝ ዝም አልኩ» አሉ። ሰውም ሥሩን ያዘዙት እሳቸው ናቸው ብሎ አወራ። አላስተባበሉም። እኔም ባሌንና የሰው ዓይን ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ይዞ «ይሄ ምንድነው?» እያለ በራቸውን የሚያንኳኳ ቀረ።

መምህር፣ ዛሬ የምፈራው ሌላ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ እንደማይወርድ ከልጅነቴ ስሰማ አድጌአለሁ። ሥሩን የቆፈርኩት፣ ያፈላሁት፣ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ልጄን አተረፉልኝ። ይኸው በሁሉም ፊት ተናገርኩ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ በጀነት ያኑርዎ። ከደጄ እስከ ደጅዎ አሥር እርምጃ ነበር። «አውፍ ይበሉኝ» ለማለት አንድ ቀን እንኳን አልተራመድኩትም።