እጀ ፍምና የወንድሜ አስተያየት

ትናንት ከመናኸሪያ ያሳፈረኝ ባጃጅ መስታወቱ ላይ አሮጌ ሲዲ ተንጠልጥሎበት ነበር። ፀሐይ ባገኘው ቁጥር አረንጓዴና ሐምራዊ ብርሃን ጣሪያው ላይ ይረጫል። ሹፌሩ ለጌጥ ነው አለኝ። እኔን ግን ወዲያው የላብ፣ የተጠበሰ በቆሎና የጋለ ቴሌቪዥን ሽታ ሸተተኝ፤ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ "በለው!" ሲል ሰማሁ። ስለ ወንድሜ ጠይቀኸኝ አልነበር? እንግዲህ ስማ።

ያኔ እዚሁ ሶዶ፣ ከገበያው በታች፣ በጭቃ የተመረገ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ስለተሸፈነ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። ባለቤቱ የቀበሌ ስብሰባ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ልማድ ሆኖበት፣ የተሰበሰበ ሰው ያለ አስተያየት ሲበተን ማየት አይችልም። ፊልሙ እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን ያጠፋና በሩን ሳይከፍት ፊታችን ቆሞ "እሺ፣ እጅ እያወጣችሁ! ከዛሬው ምን ተማራችሁ?" ይላል። ሽንቱ የመጣበትም፣ ገበያው የሚያመልጠውም፣ አስተያየት ካልተሰጠ አይወጣም። ስንስቅበት ስንስቅበት ለመድነው።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ካስመጣቸው ዲቪዲዎች መሃል ተከታታይ ካርቱን ተገኘ። አዋቂዎቹ መጀመሪያ "ካርቱን የልጅ ነው" ብለው ናቁት። ደም እንዳለበት ሲሰሙ ግን አግዳሚውን ቀድመውን የሚይዙት እነሱ ሆኑ። ሲናደድ እጁ እንደ ፍም የሚግል ልጅ ታሪክ ነው፤ እኛ ስሙን እጀ ፍም አልነው። ወላጅ የለውም። ያሳደገው የሚኖርበት ከተማ ጌታ ነው፤ በየክፍሉ የሚደበድበውም ያው ያሳደገው ሰው ነው። ግንብ በጀርባው ያፈርስበታል፣ ጥርሱን ያረግፍለታል፣ ከፎቅ አንሥቶ ይወረውረዋል። እንግሊዝኛው ለብዙዎቻችን አይገባንም፤ ዱላው ግን ለሁላችንም ይገባን ነበር።

አስተያየቱን ብትሰማ! ከጉኑኖ ለገበያ የሚመጣ አንድ ገበሬ "ይህ ልጅ የራሱ መሬት ቢኖረው እንዲህ አይመታም ነበር" አለ፤ እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ አልሰማሁም። ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ "አጥንት ሲሰበር እንዲህ አይጮኽም። ውሸት ነው።" እኔንም አይምሩኝም። ባለቤቱ አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ "አንተስ ትንሿ፣ አስተያየት የለህም?" ይለኛል። እኔም ተነሥቼ "ልብሱ ያምራል" እላለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

ወንድሜ ግን ዝም ነው። እናታችን አደራ ስላለችው እጄን ይዞ ያመጣኛል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ በሙቀት ኮሌታውን እስከ ጆሮው አቁሞ ያያል። ኮሌታው የሚቆምበትን ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን አልነበረም።

አባታችን ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ከቀሩ ነጋዴዎች የተወለደ ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማርና የውኃ ጎማ ይሸጣል። ጎማው በጥቅል ነው የሚመጣው፤ ከጥቅሉ አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ከሱቁ በር ጀርባ ሰቅሎት ነበር። እሱ አይሸጥም። ወንድሜ ምስማር ሲደፋ፣ ሲያረፍድ፣ ዝም ሲል፣ ሲመልስም ያ ጎማ ይወርዳል። መጀመሪያ አየሩን ያፏጨዋል፣ ከዚያ ሥጋ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወንድሜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ አይጮኽም። እናቴ ገብታ ስትለምን የድርሻዋን ታገኛለች። ወጣ ሲል ደግሞ አባቴን የሚወደው ሰው ብዛቱ! ለቅሶ ቤት ድንኳን ቀድሞ የሚተክል፣ ሠርግ ቤት ጨዋታ የሚያደምቅ። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው የኛ አባት ነበር፤ እኔ ደግሞ እወደው ነበር፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።

የገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት። እጀ ፍም በመጨረሻ ያን ሰውዬ ጣለው። ደረቱ ላይ ወጥቶ የጋለ እጁን ፊቱ ላይ አነሣ። ቤቱ ሁሉ ብድግ ብሎ "በለው! ጨርሰው!" ይላል፤ አግዳሚው ተገለበጠ፣ እኔም እግሬን ተረግጬ አብሬ እጮኻለሁ። ልጁ ግን እጁን ቀስ ብሎ አበረደና ሰውዬውን እዚያው ትቶት ወጣ። የዚያን ቀን ክፍል በዚያ አለቀ።

ረብሻውን አትጠይቀኝ። አንዱ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረ። ሥጋ ሻጩ "እባብ መትተህ ጭንቅላቱን ሳትቀጠቅጥ ትሄዳለህ? ነገ ይመጣብሃል!" ይላል። "ያሳደገውን እንዴት ይግደል!" ያለ አንድ ወጣት በቡጢ ተመትቶ አፍንጫው ደማ። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን በጀርባው ከልሎ "በሥርዓት! እጅ እያወጣችሁ!" ሲል የሚሰማው አጣ። ጭንቅ ሲለው ወደ ኋላ ጠቆመ፦ "አንተ! አንድ ቀን ተናግረህ አታውቅም። ዛሬ ካልተናገርክ በሩን አልከፍትም።"

ወንድሜ ተነሣ። ሲነሣ ኮሌታው ወረደ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሰንበር ገና እርጥብ ነበር። ሰው ሁሉ አየው።

"አይግደለው" አለ። "ያሳደገ ሰው አይገደልም። ግን ሁለተኛ ቤቱ አይግባ። ሰውዬው ሲያረጅም አይምጣ።"

የጉኑኖው ገበሬ "ሎኦ" አለው፤ መልካም ማለቱ ነው። ሥጋ ሻጩ ግን "ይሄ ስለ ካርቱኑ ነው ስለ አባቱ?" ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ በሩ ተከፈተ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሱቅ ደርሷል። አባቴ ጎማውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። "በሰው ፊት ያልከውን እስቲ ለእኔም በልልኝ" አለው። ወንድሜ ደገመለት፤ አንዲት ቃል አልቀነሰም።

የመጀመሪያው አፉ ላይ ነው ያረፈው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። ሁለተኛው ጆሮው ላይ። እኔ የአባቴን እግር ይዤ ስጮህ አራገፈኝ፤ ግንባሬ ሲሚንቶው ላይ ተሰነጠቀ፤ ይኸው ምልክቱ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ መሃላቸው ገባች። እሷንም መትቶ ገፈተራት፤ የተከፈተ የምስማር ካርቶን ላይ በእጇ ወደቀች። ያኔ ወንድሜ ጮኸ። በሕይወቴ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎማውን ቀምቶ አባቴን ሲወረውረው የቆርቆሮው ቁልል አብሮት ተናደ፤ ጩኸቱ እስከ ገበያ ተሰማ። የቆርቆሮው ጠርዝ የአባቴን ቅንድብ ቀዶት ዓይኑ በደም ተሞላ። ወንድሜ ከመደርደሪያ መዶሻ አንሥቶ ደረቱ ላይ በጉልበቱ ወጣ።

ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ በራችን ላይ ቆሟል። የሚገላግል ጠፋ። አንዱ ከኋላ፣ "በለው!" አለ።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፤ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ፊቱን አዞረ። የወንድሜ ክንድ ከነመዶሻው እላይ ቆሞ አየሁት። ሊመታው ፈልጎ እንደነበር እምላለሁ። እኔም ይምታው ብዬ ነበር፣ በልቤ።

አልመታውም። ተነሥቶ መዶሻውን ቦታው መለሰ፤ እንደ ሁልጊዜው በየመጠናቸው ከተደረደሩት መሃል አስተካክሎ። እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ምስማሩን ከመዳፏ ነቀለ፣ ግንባሯን ሳመ። "ነገ ትምህርት ቤት ማን ይወስደኛል?" አልኩት። "መንገዱን ታውቂዋለሽ" አለኝ። ደሙን ሳይታጠብ በሰው መሃል አልፎ ወደ መናኸሪያ ወረደ፤ ዝገት የበላው ሚኒባስ ላይ ሲሳፈር አይተውታል።

የካርቱኑን መጨረሻ እኔ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። እጀ ፍም አልተመለሰም። ባለቤቱ ያን ቀን አስተያየት ሳይጠይቅ በሩን ከፈተልን።

ወንድሜ በየጊፋታው ይደውልልኛል፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ ይላል፣ ስለ ሁሉም ይጠይቃል፣ ስለ አንድ ሰው አይጠይቅም። ለእናታችን ቀብር መጥቶ ሣጥኑን ተሸከመ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ድረስ ሸኘኝና እዚያው ቆሞ ተሰናበተኝ። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ በሩን በሩን ያያል። ሁለቱም አሳዘኑኝ፤ የበለጠ ያሳዘነኝን ብነግርህ ትቆጣኛለህ።

አሁን አባቴን የምጦረው እኔ ነኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ እኔ ነኝ የምይዝለት። ባለፈው ዝናብ ሲጥል ከምንም ተነሥቶ "ያን ቀን የምታዩት ምን ነበር?" አለኝ። የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅኩትም። ካርቱኑን በስልኬ ፈልጌ ትራስ ላይ አቆምኩለት። ጣሪያ ሲፈርስ "ይሄን ሁሉ ቆርቆሮ ማን ሊያለብሰው ነው?" እያለ ያይ ጀመር። ልጁ ሲደበደብ ግን ወሬውን አቆመ። ሰንበሩ፣ ጥርሱ፣ ደሙ ሁሉ ሲያልፍ ዓይኑን አልነቀለም። እጁ በርዶ የወጣበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንዳቆም በጣቱ ምልክት ሰጠኝ።

"ይሄ ልጅ መጨረሻ ላይ አይመለስም?" አለ።

ልዋሸው አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። "አይመለስም፣ አባ። እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ።"

ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

"አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ" አለኝ። "ያመለጠሽ ክፍል ይኖራል። እስቲ ቀጥይው።"

ቀጠልኩለት።