በአንድ በኩል ሰው የሌለው ቢም

ፎቁን የጀመርነው የልጅ ልጄ በምህንድስና በተመረቀች በዓመቱ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ጅግጅጋ ያለው የእኔው ቤት ሆነ። ዘመድ ሁሉ «ልጅ ናት፤ ንድፉን ሌላ ሰው ይይልሽ» ቢለኝም እምቢ አልኩ።

የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ሶሌታው፣ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የልጅ ልጄ ከፎርማኑ ጋር ተጣላች። በመንገድ በኩል ወለሉን በሚሸከመው የዳር ቢም ላይ ሁለት የፌሮ ብረት ጎድሏል አለች።

«አባዮ፣ ከመሀሉ ቢም ጋር እኩል አሳስሬዋለሁ። እኩል ከሆነ ምን ጎደለ?» አላት። አባዮ በሶማሊኛ እህት ማለት ነው፤ ከመሀል አገር መጥቶ የለመዳትን ይህችን ቃል ግን «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» በሚል ዜማ ነበር የሚላት።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ለእኩልነት ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እውነቱን ነው፤ አታበላልጫቸው» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። ዘመዱ ሁሉ ሲጠራጠራት ያመንኳት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አዬዮ» አለችኝ፤ አያቷን የምትጠራው በአባቷ ቋንቋ ነው። «ቢም ብቻውን አይሸከምም። ግራና ቀኙ ያለው ሶሌታ ያግዘዋል።»

«ሶሌታው በሙሉ?»

«ቅርቡ ነው እንጂ። ሩቁን አንቆጥረውም።»

«እንደ ዘመድ በይኛ። ሩቁ አይዞሽ ብሎ ይሄዳል።»

ሳቀች። «ለአረፋ ሥጋ ስታካፍዪ ለጎረቤታችን ለጥግ ቤቷ ባልቴት ለምን ትጨምሪያለሽ?»

«ሰው ስለሌላት ነዋ።»

«የዳሩም ቢም በአንድ በኩል ሰው የለውም። ሶሌታ ያለው ከውስጥ በኩል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የመንገዱ ግድግዳ ይጫንበታል።»

ወደ ፎርማኑ ዞርኩ። «ሰምተሃል?»

«እማማ፣ አሁን እኮ ከእኔ ጋር ነበሩ።»

«ነበርኩ፤ ተሳስቼ። አንተም ተሳስተሃል። እኔ አምኛለሁ፤ ተራው ያንተ ነው።»

ፌሮ አሳሪዎቹ ሳቁ። እሱ ንድፉን ዘርግቶ በጣቱ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ኢንጅነር፣ ከታች በኩል ነው ያልሽው?» አላት።

ሁለቱም ፌሮዎች እስኪታሰሩ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ወሬው የጥግ ቤቷ ባልቴት ጋ ለመድረስ አልዘገየም። አሁን በየአረፋው ሳህኗን ይዛ በራችንን ስታንኳኳ፣ ማን ነው ሲሏት፣ «የቢሙ አባዮ» ትላለች።