ላሚቱን ሊያሸጥ የነበረው ግጥሜ

ዛሬ ጠዋት ለማዳም ልሞትላት እንደሆነ ነገርኳት። ሳላስበው ነው። ደሴ ያለችው የልጅ ልጄ የአማርኛ የቤት ሥራ ተሰጥቷት፣ «አባባ፣ የግነት ምሳሌ ላክልኝ» ብላኝ ነበር። እኔም እዚህ ዓረብ አገር፣ ማህቡላ በሚባል ሰፈር፣ በዘበኝነት በምጠብቀው ሕንፃ መግቢያ ላይ ተቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «ናፍቆትሽ ደረቴን ሰነጠቀው፤ ዛሬ ካላየሁሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሞታለሁ» ብዬ በስልኬ ቀድቼ ላክሁ። መነጽሬን ግን አላደረግሁም። መልእክቱ የደረሰው ሳልዋ ሰፈር የምትኖረው የሕንፃው ባለቤት፣ ማዳም ዘንድ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የቤቷ ሠራተኛ፣ ያቺ የወሎ ልጅ፣ ደወለች።

«አባባ፣ ማዳም ተርጉሚልኝ ብላ ስልኩን ሰጥታኛለች። ምን ልበላት?»

«የልጅ ትምህርት ነው በያት።»

«ደረቴ ተሰነጠቀ የሚለውንማ ነገርኳት እኮ። ሐኪም ቤት ውሰደው ብላ ሾፌሩን ልካለች።»

ሾፌሩ መጥቶ እስኪስቅብኝ ድረስ የገዛ ድምፄን ደግሜ ሰማሁት። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻው ላይ የጎተትኩት ዜማ ግን የጎረምሳነቴ ነበር። ወዲያው ድሮ እዚሁ አገር የኖርንበት የፋርዋኒያ ሰፈር ክፍላችን ሽታ መጣብኝ፤ የሽንኩርት ጥብስና የበረኪና።

ያኔ ለሥራ የመጣን ወንዶች በአንድ ክፍል ተደራርበን ነበር የምንኖረው። ከመካከላችን አንዱ አገር ቤት ሳለ አማርኛ ያስተምር ነበር። እዚህ ቢሮ ያጸዳል፤ በረኪናው ከእጁ አይለቅም። ዓርብ ዓርብ ከስግደት ስንመለስ ያስተምረናል። ሰሌዳው መስኮቱ ነው። በሳሙና ቁራጭ መስታወቱ ላይ ሲጽፍ የከሰዓቱ ፀሐይ ከኋላ ይመታውና ፊደሉ ይበራል። ኤሲው ባልዲ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ኤሲው አኮረፈ ካላችሁ ሰውኛ ነው። ፀሐይዋ ካፊል ናት ካላችሁ ተለዋጭ ዘይቤ ነው» ይለናል። ካፊል ያው አሠሪያችን ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ የትም መሄድ የለም።

«ካፊሌን ፀሐይ ነህ ብለው ደመወዝ ይጨምርልኛል?» ይላል ቀለም ቀቢው ጓደኛችን።

«መጀመሪያ ሳህንህን እጠብ» ይለዋል መምህሩ።

በከንቱ አልነበረም የምንማረው። ያን ጊዜ ድምፃችንን በካሴት ቀድተን ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ እንልክ ነበር። ካሴቱ መንደር ሲደርስ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚሰማው። ደረቅ ሰላምታ ብቻ ከሆነ እናት ታፍራለች። ግጥም ያስፈልገዋል።

እኔ ስንኝ መመጠን አቃተኝ። ቤት መምታቱንም እንደምንም ነው የያዝኩት። ግነት ላይ ስንደርስ ግን የልቤን አገኘሁ። ውሸት ተፈቅዶልኝ፣ ያውም ስም ወጥቶለት! መምህሩ «እንደ በርበሬ ቆንጠር አድርገህ ጨምር» ቢለኝም እኔ ከረጢቱን ገለበጥኩት። ለእናቴ እንዲህ ብዬ ቀዳሁ፦

እንባዬ ጎርፍ ሆኖ አልጋዬን ወሰደው፣
ሥጋዬን ፀሐዩ ለኩሶ ማገደው።

አልጋዬ ደረቅ ነበር። ሥጋዬም፣ አላህ ይመስገን፣ በሩዝና በዓሣ በየቀኑ ይጨምር ነበር።

ጥቂት ወራት ሲያልፉ አንዲት የመንደራችን ሴት ሳልዋ ለቤት ሠራተኝነት መጣች። ዓርብ ዕለት ላገኛት ሄድኩ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ጎርፉ ጉንጭህን ሳይወስደው ቀረ?» አለች። ቀጥላም፣ «እናትህ እንቅልፍ የላትም። ላሚቱን ለዚህ ሰኞ ገበያ ልትነዳት ነው። ሸጬ በትኬት አስመጣዋለሁ፣ ሞቶ ከሚቀርብኝ እያለች ነው» አለችኝ።

ያለችን አንዲት ላም ናት። ታናናሾቼ የሚያድጉት በእሷ ወተት ነው። ካሴት ብልክ አይደርስም። በገበያው ከተማ ግን ስልክ ያለው ባለሱቅ ነበር። ሰኞ በማለዳ መምህሩን አስከትዬ ስልክ ማስደወያ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ እናቴን ከመንገድ ጠርቶ አመጣልኝ። ከበስተኋላዋ ላሚቱ እምቧ ስትል ይሰማኛል።

«እማ፣ ደህና ነኝ እኮ።»

«ደህና ሰው እንዲያ አይልም፣ ልጄ።»

«ግጥም ነው፣ እማ። ግነት ይባላል።»

«ስሙን አወቁልህ? መድኃኒትስ አለው አሉህ?»

የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። መምህሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና፣ «ዘይቤውን ተወው። ምሳህን ንገራት» አለኝ በጆሮዬ።

«ትናንት ሩዝ በዓሣ በላሁ» አልኳት። «ቀበቶዬ አልዘጋ ብሎኛል። ለራት ያስቀመጥኩትን ሽንኩርት ደግሞ ቀለም ቀቢው ከትፎ ጨርሶት አልነካሁም ብሎ ይምልልኛል። አፉ እየሸተተኝ፣ እማ! ከእንግዲህ ከእሱ ጋር ድስት አልጋራም…»

ሳቋ መጣ፤ ያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የምትስቀው ሳቅ።

«በሽንኩርት የሚጣላስ ምንም አልሆነም» አለች። «ባለሱቅ፣ ገመዷን ፍታልኝ፣ አባቴ። ወደ ቤት ልንመለስ ነው።»

ልትዘጋ ስትል ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ግጥሙስ ያማረ ነበር፤ ሰዉን አንጀቱን በላው። ለእኔ ግን ስትመጣ ሌላ ታመጣልኛለህ። እውነት የሆነች፣ የምስቅባት።»

«እሺ፣ እማ።»

ለእረፍት ስገባ ሳሙናና ሽቶ፣ ብርድ ልብስም ይዤላት ገባሁ። ግጥሟን በሚቀጥለው፣ በሚቀጥለው እያልኩ አሳደርኩት። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ሻንጣዬን ስፈታ ብቻ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ያረፈችውም እኔ እዚሁ ማህቡላ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው።

አሁንም አልፎ አልፎ እሞክራለሁ። ሌላውን ሁሉ ሳጋንን የኖርኩ ሰውዬ እሷን ማጋነን አቃተኝ፤ የቱንም ያህል ብል ያንስባታል። የመጀመሪያዋን ስንኝ አግኝቻታለሁ፤ እውነት ናት፣ ታስቃለችም። ሁለተኛዋን ነው ያላደረስኩላት።