የክፍል ሁለት ዝምታ

ፈሪ ነኝ፤ ጅብ እንኳ ሲያየኝ ያዝንልኛል። እንደዚያ ጠዋት ግን ፈርቼ አላውቅም።

እንጅባራ ውስጥ ለአንዲት ክሊኒክ ትንሽ ሰርቨር፣ የተራ መጥሪያ ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። ከሦስቱ ሐኪሞች ኮምፒውተር ሶኬት ቻናል በሚባል የኔትወርክ መልእክት መንገድ መስመር ይከፈትለታል፤ ሐኪሙ «ቀጣይ» ሲለው የባለተራውን ቁጥር በረንዳው ስክሪን ላይ ያወጣል። «የጎጃም ሕዝብ ባንዴ ቢመጣ ያስተናግዳል!» ብዬ ፎከርኩ። የካርድ ክፍሉንም የተራ መያዣ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

ሥራ በጀመረበት ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ሰባት ቁጥር ላይ ደርቆ ቀረ።

አሥራ አንድ ቁጥር የያዘች እናት በትኩሳት የሚነድ ሕፃን አቅፋለች። ሲያለቅስ ቆይቶ ዝም አለ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

«ምነው ቆመ?» አልኳት የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ደብተሬን ቀምተህ!»

ሮጬ ክፍል አንድ ገባሁ። ሐኪሟ ባዶ ወንበር ታያለች። «ቀጣይ እላለሁ፣ ሰው የለም» አለችኝ። ክፍል ሁለት ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ ሐኪሙ ግን ለቅሶ ሊደርስ ወጥቷል።

ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ገብቶ ሳይናገር ፊት ማዞር ነውር ነው። ሰርቨሬንም እንደዚያው ነበር ያሳደግሁት፤ መስመር የከፈተውን ሰው እስኪናገር ይጠብቃል፣ ሌላውን አይሰማም። ባዶውን ክፍል በጨዋነት እየጠበቀ ነበር።

ወደ በረንዳው ተመልሼ እናቲቱን ክፍል አንድ ላስገባት ክንዷን ያዝኩ። «ተራ አለ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ስምንት ቁጥር የያዙ ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ሰባ ዓመት የታመመ ጉልበት አንድ ሰዓት ቢጨምር አይሞትም። ትግባ!»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ።»

«አንተም ከዚያ ቴሌቪዥንህ ጋር ታከም!»

ከበሩ ውጭ ቆሜ ለማውቀው ታቦት ሁሉ ጧፍ ተሳልኩ። ብከፍል ኖሮ የእንጅባራ ንብ አይበቃኝም ነበር። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ከውስጥ ሕፃኑ ጮኸ። መርፌ ተወግቶ ነው። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን ቀየርኩት፤ መስመሮቹን ሁሉ እየዞረ ይሰማል፣ ዝም ያለውን አልፎ ይሄዳል።

«ባለጌ አደረግኸው በለኛ» አለች የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ።

«ባለጌ ይሁን» አልኩና የደብተሩን መሳቢያ ቁልፍ እጇ ላይ አኖርኩት።