ጉልበት ለጉልበት

በ1953 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ኮላ ድባ ውስጥ አምስት ጎረቤታሞች የአጨዳ ዘፈን ከአጫጆቹ ጋር እንዳይቀበር ብለው፣ ያለ ከበሮ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠው ይዘፍኑ ነበር። አንድ ቀን እኔም መካከላቸው ገብቼ አንባረቅሁ። መሪያቸው አያ ደምሴ ሳቁና፣ «ምነው ልጄ፣ በሬ ጠፋብህ? የጎንህን ሰው ካልሰማህ አልዘፈንህም» አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም። አኩርፌ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ልጄ ቤት አጠገብ፣ ስድስት የሰፈር ሰዎች ያንኑ ዘፈን ሲሉ ሰማሁ። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይይዝለታል፤ ድምፁ አይበጠስም። እንዴት ያለ ሸጋ ነገር ነው! የዘፈኑን መዝጊያ ስንኝ ግን አያውቁትም፤ እዚያ ሲደርሱ ዝም አሉ። የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፤ በልጅነቴ ሰምቼ ይዤው የቀረሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጧት ወደ እነሱ ሄጄ፣ መካከላቸው ተቀምጬ ጉልበቴን ገጠምሁ፤ አፌን ሳልከፍትም አስቀድሜ የጎኔን ሰው ሰማሁ።