የፈተግሁት ወርቅ

ጎረቤቴ እትዬ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሁለቱን የአበባ ማስቀመጫዎች እኔ ቤት አስቀመጡ። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ሳሉ ፈረንሳዊ አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ናቸው። ሆዳቸው እንደ ሲኒ የነጣ ሸክላ ሆኖ ጽጌረዳ ተስሎበታል፤ አንገታቸው፣ ጆሯቸውና እግራቸው ደግሞ ወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው። እትዬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ወርቅ ነው እኮ» ሳይሉ አያልፉም ነበር።

እኔ ደግሞ ቆሻሻ አልወድም፤ በሽታዬ ነው። ነሐሱ በአቧራና በዕድሜ ጠቆር ብሎ ሳየው እጄ አላስቀምጥ አለኝ። በአዲሱ ዓይናቸው አይተው ይደሰቱ ብዬ፣ እናቴ ቤት ለፋሲካ የነሐስ ትሪ እንደምናጸዳው፣ ሎሚ ጨምቄ፣ አመድ ነስንሼ ላብ እስኪያጠምቀኝ ፈተግሁት። ቦግ ብሎ ሲያበራ ራሴን አደነቅሁ።

በሳምንቱ ደበዘዘ። ወር ሳይሞላ ቡናማ ሆኖ አሮጌ የበር እጀታ መሰለ። ያኔ ነው የገባኝ። ስስ የነበረውን ወርቅ ፍቄ ከአመዱ ጋር ደፍቼዋለሁ።

እትዬ ዓይናቸው በርቶላቸው ተመለሱ። ከባጃጅ ሳይወርዱ የሰፈራችንን የከዚራን ዛፎች ቅጠል እያዩ እንደ ልጅ ሳቁ። ማስቀመጫዎቹን ሳወጣላቸው ግን ሳቁን ትተው ጠጋ ብለው አዩ። አንዱን ጆሮ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ወርቁስ ልጄ?»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። «ድሮም እንዲህ ነበር እኮ እትዬ» አልኩ።

«በወጣትነቴ ያየሁትስ?»

«ሰው ሲቆይ ትዝታውን ያሳምራል።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ፈሪ ስሆን አንደበቴ ይቀናዋል። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አይ እኔ! ስንቱን ሰው ወርቅ ነው ስል ኖርኩ» ብለው አፈሩ። የማፍረው እኔ፣ ያፈሩት እሳቸው።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ነገር ጀምረው መሃል ላይ ያቆማሉ። «ወይስ ይህንንም አሳምሬው ይሆን?» ይሉኛል። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ሄደሽ ለእሳቸው ንገሪ» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እሺ እንዳልኩ ነኝ።

ባለፈው እሑድ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን የባለቤታቸውን ነገር አነሱ። ሌሊት ተረኛ ሆነው እንኳ ጎህ ሲቀድ ዳቦ ይዘውላቸው ይመጡ እንደነበር አወሩኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይወደኝ ነበር አይደል?»

እኔ ሰፈሩ የገባሁት ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው። አይቻቸው አላውቅም፤ ይህን እትዬም ያውቃሉ።

«በጣም ይወዱዎት ነበር» አልኩ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።