ለአባባ የሰጠኋት ውኃ

ለአያቴ የሰጠኋት አንዲት ብርጭቆ ውኃ ዕድሜያቸውን አሳጥራ ይሆን? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም። ውኃ ከጆግ ሲንቆረቆር በሰማሁ ቁጥር ግን ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ እቀመጣለሁ።

የአባባ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመው፣ የሚጠጡት ውኃ ሰውነታቸው ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ሐኪሙ ለእናቴ፣ "ኩላሊታቸው ደክሟል፤ በቀን ሁለት ብርጭቆ ብቻ" ሲላት ሰምቼ፣ የደከመ ሰው እንዴት ውኃ ይከለከላል ብዬ ግራ ገባኝ። ትምህርት ቤት ገና ስላልገባሁ ቀን ቀን አጠገባቸው የምውለው እኔ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው አብጦ እርሳስ መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ። መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሐይቁ ንፋስ ጠፍቶ ሙቀቱ በረታ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

"የኔ እመቤት፣ አንዲት ብቻ ስጪኝ።"

"እማዬ ትቆጣኛለች፣ አባባ።"

"ማን ይነግራታል? በይ ማይልኝ፣ እኔም እምልልሻለሁ።"

ማልኩላቸውና ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ጠጡ፤ መረቁኝም። በሳምንቱ አረፉ።

ሠላሳ ዓመት ለማንም ሳልናገር ኖርኩ። ዘንድሮ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ለአክስቴ እያለቀስኩ ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝና ድንገት ሳቋ አመለጣት።

"አንቺንም አስማሉሽ? እኔንም አስምለውኝ ሰጥቻቸዋለሁ። እናትሽም መስጠቷን ነግራኛለች። አይ አባባ!" አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "እንኳን ተጠምተው አልሄዱ፣ ልጄ።"